አሮጌ ጊታር፦ ቀለሙን ማደስ ወይስ ቦዲውን መቀየር?

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ ቀለሙ የተላጠ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ምክር የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ይሰማል። አንዱ «ቀለሙን አንሳና እንደ አዲስ ቀባው» ይለዋል፤ ሌላው «ቦዲውን ተወውና ሌላ ግዛ» ይለዋል። ጥያቄው ጋርላንድ ውስጥ ከመዘምራን ጋር ለሚጫወተው ወጣትም፣ ቅዳሜ ማታ ሠርግ ላይ ሊድ ጊታር ለሚይዘው አንጋፋም ያው ነው። ሦስተኛ መልስ መኖሩን፣ ማለትም ቀለሙን እንዳለ መተው እንደሚቻል፣ የሚነግራቸው ጥቂት ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ከሦስቱ ውሳኔዎች ከባዱ ቀለም ማንሳት ነው፤ መመለሻ የለውምና። ቦዲ መቀየር ለጆሮ የከፋ ይመስላል፤ ነገር ግን አንገቱ በብሎን በሚታሰር ጊታር ላይ ሥራው አራት ብሎን ፈትቶ፣ ጥቂት ሽቦ በስታኞ መልሶ ማያያዝ ነው። አሮጌው ቦዲ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ እስካለ ድረስ ነገ ሐሳብ ቢለወጥ ተመልሶ ይገጠማል። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ዱቄት የሆነ ቀለም ግን የሚመልሰው የለም። ብዙ ሰው ቀለም ማደስን እንደ ቀላል ጥገና፣ ቦዲ መቀየርን እንደ መጨረሻ እርምጃ የሚያየው በተገላቢጦሽ ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከዚህ አካባቢ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኤሌክትሪክ ጊታርን ለብሉዝ ካስተማሩት ቀዳሚዎች አንዱ ቲ-ቦን ዎከር ያደገው ዳላስ ውስጥ ኦክ ክሊፍ በሚባለው ሰፈር ነው፤ በ1929 የመጀመሪያ ሸክላውን ሲያስቀርጽ ስሙ ራሱ «ኦክ ክሊፍ ቲ-ቦን» ተብሎ ነበር። በጃዝ ኤሌክትሪክ ጊታርን የብቸኛ ተጫዋች መሣሪያ ያደረገው ቻርሊ ክርስቲያን በ1916 የተወለደው ከዳላስ በስተሰሜን በምትገኘው ቦናም ነው። የፎርት ዎርዙ የሚልተን ብራውን ባንድ አባል ቦብ ደንም በ1935 ገና ብዙዎች ያላሰቡትን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስቲል ጊታር በሸክላ አስቀርጿል። ከ1978 ጀምሮ ዳላስ ላይ በየዓመቱ የሚካሄደው የጊታር ትርዒትም ከመላው አሜሪካ አሮጌ ጊታር የሚሸጥ፣ የሚገዛና የሚለውጥ ሰው ይሰበስባል። እዚያ ጠረጴዛዎች መካከል ለአንድ ሰዓት የተዘዋወረ ሰው የመጀመሪያ ቀለሙን የያዘና ቀለሙ የታደሰ ጊታር ጎን ለጎን ምን ያህል የዋጋ ልዩነት እንዳላቸው በዓይኑ ያያል። በነጋዴዎቹ ዘንድ የቆየው መለኪያ ቀለሙ የታደሰ አሮጌ ፌንደር ወይም ጊብሰን ዋጋው በግማሽ ገደማ ይወርዳል የሚል ነው።

ከዚህ አካባቢ የወጣው ትልቁ ምስክር ግን የብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ የስቲቪ ሬይ ቮን ጊታር ነው። ስቲቪ በ1954 ዳላስ ተወለደ፤ ያደገውም ኦክ ክሊፍ ነው። «ቁጥር አንድ» ብሎ ይጠራው የነበረው የፌንደር ስትራቶካስተር የ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲሆን ክንዱ በሚያርፍበትና መምቻው በሚያልፍበት ቦታ ቀለሙ አልቆ እንጨቱ ወጥቶ ይታያል። ባለቤቱ አላስቀባውም። ይህ ማለት ግን ጊታሩን አልነካውም ማለት አይደለም። ትሬሞሎው ለግራኝ የተሠራ ነው፤ ፍሬቶቹ ተደጋግመው ከመቀየራቸው የተነሣ አንገቱ ሌላ ፍሬት መሸከም አቅቶት በሌላ አንገት ተተክቷል። በሥራ ብዛት የሚያልቀው ክፍል ሲያልቅ ይቀየራል፤ ቦዲው ግን ሥራውን እየሠራ ስለነበር ተተወ። ስቲቪ በነሐሴ 1990 በሄሊኮፕተር አደጋ ከሞተ በኋላ፣ በ2004 ፌንደር የዚህን ጊታር 100 ቅጂ ሲሠራ የተላጠውን ቦታ ሁሉ ሳይቀር አስመስሎ አወጣው። ኩባንያው ከ1995 ጀምሮ ሆን ተብሎ ያረጀ እንዲመስል የተደረገ ጊታር ከአዲሱ አስበልጦ ይሸጣል። በእውነት የተላጠ ጊታር ያለው ሰው ይህን ሳያውቅ ብርጭቆ ወረቀት ቢያነሣ ያሳዝናል።

ከዳላስ ወደ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ሲነዳ አቦት የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች፤ የካንትሪ ዘፋኙ የዊሊ ኔልሰን የትውልድ ቦታ ናት። «ትሪገር» የሚለው ጊታሩ ፒካፕ የተገጠመለት የናይለን ክር ማርቲን ነው። ከ1969 ጀምሮ ሲመታው ኖሮ ከድምፅ ቀዳዳው ሥር ሌላ ቀዳዳ ከፍቶበታል፤ ምክንያቱም ክላሲክ ጊታር የመምቻ መከላከያ የለውም። ጠጋኙ ውስጡን እየደገፈ፣ በላዩ ላከር እየደረበ አቆየው እንጂ ቀዳዳውን አልደፈነውም። ትሪገር ሙሉ ኤሌክትሪክ ጊታር ባይሆንም ትምህርቱ ይሠራል። ጉዳት የሚጠገነው እንጨቱን እንዲይዝ ነው፤ እንዲደበቅ መጠገን ሌላ ዓላማ ነው፤ ሁለቱን አለመለየት ብዙ ጊታር አበላሽቷል።

ቦዲ መቀየርን ለሚደግፈው ወገንም ጠንካራ ማስረጃ አለ። ኤሪክ ክላፕተን በ1970 ናሽቪል ውስጥ ብዙ ያገለገሉ ስትራቶካስተሮች ገዝቶ ከሦስቱ ምርጥ ምርጡን አውጥቶ አንድ አደረጋቸው። «ብላኪ» የተባለው ይህ ጊታር በ2004 በክሪስቲስ ጨረታ 959,500 ዶላር ወጣ። ከተለያየ ጊታር የተገጣጠመ መሆኑ ዋጋውን አላወረደውም። ስለዚህ «ቦዲው ከተቀየረ ጊታሩ ነፍሱ ወጣ» የሚለውን አባባል እንደ ሕግ መያዝ አይቻልም።

ድምፅን በተመለከተ የቢትልሶቹ ጆን ሌነንና ጆርጅ ሃሪሰን በ1968 የኤፒፎን ካሲኖዎቻቸውን ቀለም ፍቀው አነሡ፤ ሃሪሰንም ጊታሩ የተሻለ ይተነፍሳል ብሎ ያምን ነበር። ካሲኖ ግን ውስጡ ክፍት የሆነ ጊታር ነው። ድፍን ቦዲ ባለው ጊታር ላይ የሚሰማው ድምፅ የሚጀምረው ፒካፑ የብረቱን ክር ንዝረት ሲይዝ ነው፤ ፒካፑን ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ከማንኛውም ቀለም ይልቅ ድምፁን ይለውጣል። ድምፁ ደክሞ ቀለሙን የሚወቅስ ሰው መጀመሪያ ክሩን ይቀይር፤ ፒካፑን ያስተካክል፤ የዛገውን ማብሪያና የድምፅ መቆጣጠሪያ ያጽዳ። አብዛኛው ቅሬታ እዚያው ያበቃል።

የዚህ አገር አየር ንብረት ለጊታር ቀለም ደግ አይደለም። በ2011 በዳላስ-ፎርት ዎርዝ የሙቀት መጠኑ 38 ዲግሪ ገደማ የደረሰባቸው ወይም ያለፈባቸው ቀናት 71 ነበሩ። በየካቲት 2021 ደግሞ ውርጩ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ወርዶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ብዙ ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ነበር። ፌንደር እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ፣ ጊብሰን ደግሞ ዛሬም የሚጠቀምበት ናይትሮሴሉሎስ ላከር እያደር የሚደርቅና የሚሰባበር ቀለም ነው። እንጨቱ በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲሰፋና ሲጠብ ላከሩ አብሮት መሄድ ያቅተውና ፊቱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ያወጣል። መኪና ውስጥ የተተወ ጊታር በድንገት ቀዝቃዛ ክፍል ሲገባ፣ ወይም ከውርጭ መጥቶ ማሞቂያ አጠገብ ሲከፈት ይህ ይከሰታል። ብዙ ባለቤቶች «ቦዲዬ ተሰነጠቀ» ብለው የሚደነግጡበት ይኸው መስመር ነው። እንጨቱ ግን ደህና ነው።

እንግዲህ ምርመራው ከዚህ ይጀምራል። ክሮቹን አላልቶ ማውለቅ፣ ጊታሩን በወፍራም ፎጣ ላይ ማስተኛት፣ ከጀርባ ያሉትን አራት ብሎኖች በልክ በሆነ ካቻቢቴ መፍታት። አንገቱ ሲወጣ የሚታየው የአንገት መቀመጫ የጊታሩ መታወቂያ ነው። አሮጌ ፌንደር ላይ በአንገቱ ተረከዝ በእርሳስ ወይም በማኅተም የተጻፈ ቀን ሊገኝ ይችላል። በአንዳንድ የ1960ዎቹ ቦዲዎች ፋብሪካው ሲረጭ የያዘበት ዱላ የተቀመጠበት ቀለም ያልነካው ምልክት ይታያል። ከዚያ በፊት በተሠሩት ላይ ደግሞ ሲደርቁ የሚቆሙባቸው ትንንሽ የምስማር ቀዳዳዎች አሉ። እነዚያ ቀዳዳዎች በቀለም ተሞልተው ከተገኙ አንድ ሰው ከፋብሪካው በኋላ ቀብቶታል ማለት ነው። የመምቻ መከላከያውን አንሥቶ ከሥሩ ያለው ቀለም ከላዩ ጋር አንድ መሆኑን ማየትም እንዲሁ ይናገራል። ቀለሙ ናይትሮ መሆኑን ለማወቅ ከመከላከያው ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ጥጥ ጫፍ ላይ ጥቂት አሴቶን ማስነካት ይበቃል፤ ናይትሮ ወዲያው ይለሰልሳል፣ ፖሊስተር የሚባለው ቀለም ግን ምንም አይሆንም። በሚታየው ፊት ላይ ይህን መሞከር ግን ጥፋት ነው።

ስንጥቁ የቀለም ይሁን የእንጨት ለመለየት አንገቱ ተመልሶ ከታሰረና ክሩ ከተወጠረ በኋላ መስመሩን በብርሃን እያዩ አንገቱን በቀስታ መግፋት ነው። መስመሩ ከተከፈተና ከተዘጋ እንጨቱ ነው። የቀበቶ ማንጠልጠያው ብሎን መላላቱ፣ የብሪጁ ብሎን ቀዳዳ መስፋቱ ደግሞ ለቦዲ መቀየር ምክንያት አይሆኑም። ቀዳዳውን በጠንካራ እንጨት ዘንግና በአናጺ ኮላ ሞልቶ እንደገና መብሳት ቀላል ሥራ ነው።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ፍርዱ ብዙ አያስቸግርም። የፋብሪካ ቀለሙ ያለበት አሮጌ ጊታር፣ የቱንም ያህል የተላጠ ቢሆን፣ አይነካ። ቀድሞ በሌላ ሰው የተቀባ ጊታር ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ዋጋው አንዴ ወርዷል፤ የሚጠፋ የመጀመሪያ ቀለም የለም። የቤት ስፕሬይ የተረጨበትን፣ ወፍራምና የሚንጠባጠብ ቀለም የያዘውን ጊታር በጥሩ ሁኔታ ማደስ ለጊታሩም ለባለቤቱም ደስታ ነው። እዚህ ላይም አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ጊዜ አዲሱ ቀለም የተረጨው የመጀመሪያው ሳይነሣ በላዩ ላይ ነው፤ ልምድ ያለው ጠጋኝ ላይኛውን ብቻ አንሥቶ ታችኛውን ሊያወጣ ይችላል። ይህን ዕድል ሳይመረምሩ እስከ እንጨቱ መፋቅ የሚቆጭ ነገር ነው።

ለማደስ የወሰነ ሰው ትልቁን ጥፋት የሚሠራው በመፋቅ ላይ ነው። ስትራቶካስተር በ1954 ሲወጣ ከቴሌካስተር ከለዩት ነገሮች አንዱ ኩርባው ነው፤ ከጀርባ ሆድ የሚያርፍበት ጎድጓዳ፣ ከፊት ክንድ የሚተኛበት ተዳፋት አለው። የኤሌክትሪክ ማለስለሻ ማሽን በዚህ ኩርባ ላይ ሲያልፍ ጠፍጣፋ ቦታዎችን ይፈጥራል፤ ጠርዙንም ይበላል። ጉዳቱ እንጨቱ ደብዛዛ ሳለ አይታይም። የሚያብለጨልጨው ቀለም ሲረጭበት ግን ብርሃን እየተንሸራተተ ማዕበሉን ሁሉ ያወጣዋል፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል። በእጅ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን በለስላሳ ድጋፍ ላይ ጠቅልሎ መሥራት ይሻላል፤ በትዕግሥት ካልሆነ ባይጀመር ይመረጣል። የአንገት መቀመጫው ውስጥ ፈጽሞ አይፋቅም፣ አይቀባም። በዚያ ላይ የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ጥቂት አሥረኛ ሚሊ ሜትር አንገቱን ያላላዋል ወይም ሲገባ ቀለሙን ይሰነጥቀዋል።

ፖሊስተር የተቀባውን በብርጭቆ ወረቀት ማንሣት ዘመን ይፈጃል፤ ብዙዎች በሙቅ አየር መንፊያ ያለሰልሱታል። ሙቀቱ አንድ ቦታ ከቆየ እንጨቱን ያሳርራል፤ ቦዲው ኮምፔንሳቶ ከሆነ ደግሞ ንብርብሩን ያላቅቃል። በአሜሪካ የቀድሞው ኃይለኛ ቀለም ማንሻ ኬሚካል፣ ሜቲሊን ክሎራይድ፣ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ለግለሰብ ቀለም ማንሻነት እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ሰው ስለገደለ ነው የተከለከለው። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በጥሩ ጭምብል መከላከል፣ ልጆች ካሉበት ቤት ውጭ መሥራት ግድ ነው።

የእኛ ሰው እዚህ አገር መኪና ጥገና ላይ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ባትላሜራ ወዳጅ «አምጣው፣ ገራጅ ውስጥ እረጭልሃለሁ» ማለቱ አይቀርም። ግብዣው ከፍቅር ነው። የመኪናው ባለ ሁለት ውሁድ ፖሊዩሬቴን በጥሩ እጅ ላይ ውብ ሆኖ ይወጣል፤ ፌንደርም ቢሆን ድሮ ቀለሞቹን ከመኪና ቀለም ነበር የሚመርጠው። ነገር ግን ማድረቂያው አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ነገር ስላለው ተራ ጭምብል አይበቃም፤ አየር ከውጭ የሚያመጣ መከላከያ ይፈልጋል። ናይትሮ ደግሞ በእሳት ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ የውሃ ማሞቂያው ነበልባል ባለበት ገራጅ ውስጥ አይረጭም። በቴክሳስ እርጥብ ጧት ሲረጭም እርጥበቱን ይዞ እንደ ወተት ይነጣል። ደረቅ ቀን መምረጥ፣ በስሱ ደጋግሞ መርጨት፣ ከመወልወል በፊት ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ቦታም ጊዜም የሌለው ሰው ለባለሙያ ይክፈል።

አሁን ወደ መቀየር። ቦዲ መቀየር ትክክል የሚሆነው እንጨቱ ራሱ ሥራውን ሲያቆም ነው። ለምሳሌ በ2021 ውርጭ ቧንቧ ፈንድቶ የወረደ ውሃ የጠጣና ያበጠ የቺፑድ ቦዲ፣ ንብርብሩ የተላቀቀ ኮምፔንሳቶ፣ በብሪጁ መስመር ለሁለት የተሰነጠቀ ቦዲ። ከዚህ በተጨማሪ የመጀመሪያ ቀለሙን ማዳን የሚፈልግ ግን በየሳምንቱ መድረክ የሚወጣ ሰው አዲስ ቦዲ ገዝቶ አሮጌውን ቢያስቀምጥ ብልህነት ነው እላለሁ፤ ከዚህ የሚሻል መንገድ አላውቅም። የፌንደር ፈቃድ ያለው ዋርሞዝ የተባለው ድርጅት እንደነዚህ ያሉ ቦዲዎችን ይሠራል።

ከመግዛት በፊት መለካት ግን ግዴታ ነው። መደበኛው የፌንደር አንገት መቀመጫ ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጥንቱ ባለ ስድስት ብሎን ትሬሞሎ የውጪዎቹ ብሎኖች ርቀትም 56 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የዘመኑ ባለ ሁለት ምሰሶ ብሪጅ ልኩ ሌላ ነው። በእስያ የተሠሩ ብዙ ጊታሮች ቦዲያቸው ቀጭን፣ መቀመጫቸውም የተለየ ስለሆነ ፌንደር ቦዲ በቀላሉ አይገጥማቸውም። ለእነዚህ አዲስ ቦዲ ፈልጎ ብዙ ከመክፈል ይልቅ ያለውን ማደስ ያዋጣል፤ ወይም ያገለገለ ሙሉ ጊታር መግዛት።

ስለ እንጨቱም አንድ ነገር። የድሮዎቹ ፌንደሮች የተሠሩበት አሽ የተባለው ዛፍ ዛሬ በአረንጓዴ ጥንዚዛ እየደረቀ ነው። ጥንዚዛው ፎርት ዎርዝ ባለችበት ታራንት ካውንቲም ተገኝቷል። ፌንደር በ2020 የረግረግ አሽን በመደበኛ ምርቱ ላይ መጠቀም እንደሚቀንስ ያስታወቀው ከዚሁ ችግር የተነሣ ነው። አሮጌ የአሽ ቦዲ የሚጥል ሰው የሚጥለው ከእንግዲህ እንደ ልብ የማይገኝ እንጨት ነው።

የእኛ ሰው ጊታርን የሚያየው ከሌላ ባህል ተነሥቶ መሆኑም ውሳኔው ላይ ይታያል። ማሲንቆ ቆዳው ሲላላ ይቀየራል፤ ክራርም ጅማቱ ሲበጠስ ይታደሳል። መሣሪያው ስለታደሰ የጠፋ ነገር አለ ብሎ የሚያዝን አዝማሪ የለም። ይህ ጤናማ አስተሳሰብ ነው፤ ለክሩ፣ ለፍሬቱ፣ ለመቃኛው ይሠራል። ለመጀመሪያው ቀለም ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም የፋብሪካ ጊታር ማንነቱ የሚረጋገጠው በዚያ ቀለም ነው።

ይህን የምለው በዶላር ብቻ አስቤ አይደለም። የ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች፣ አይቤክስና በኋላም ሮሃ፣ የሰላም ሥዩምን ሊድ ጊታርና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ይዘው የማኅሙድ አሕመድን ድምፅ ዓለም እስኪሰማው አደረሱት። የዋልያስ ባንድ በ1981 አሜሪካ መጥቶ ከአባላቱ ገሚሶቹ እዚሁ ቀሩ። ከዚያ ትውልድ ጋር የመጣ፣ ወይም በኋላ ልጅ ከአባቱ የወረሰው ጊታር፣ በፋብሪካ ዋጋው ርካሽ ጃፓን-ሠራሽ ቢሆን እንኳ፣ ለእኛ ታሪክ መዝገብ ነው። የላብ እድፉ፣ የሲጋራ ጠባሳው፣ በጀርባው የተጫረው የባንድ ስም በሙዚየም ዋጋ የሚመዘን ነገር ነው። በዚህ ጊታር ላይ ቀለም ማንሣት ማለት ስሙን መደምሰስ ማለት ነው።

ስለዚህ በዳላስም ሆነ በፎርት ዎርዝ፣ በጋርላንድም ሆነ በአርሊንግተን ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ ጊታር ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ ብርጭቆ ወረቀት ከማንሣታችሁ በፊት አንገቱን ፍታችሁ መቀመጫውን ፎቶ አንሡ። ጊታሩ የማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ ጽፋችሁ ሣጥኑ ውስጥ አኑሩ። አንድ ጥሩ ጠጋኝም አሳዩ። መቀየር ካለባችሁ ቀይሩ፤ አሮጌውን ቦዲ ግን አትጣሉ።